ያገለገለ ብስክሌት ከመግዛት በፊት መደረግ ያለበት ምርመራ

ከ2020 እስከ 2029 (እ.ኤ.አ.) የሚተገበረው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ የእግርና የብስክሌት ጉዞን ያበረታታል። እንደ ሐይቅ ባሉ ከተሞች ያገለገለ ብስክሌት አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ መጓጓዣ ነው። ሆኖም ርካሽ ዋጋ ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይገባም።

ግዢውን የሚያስቀሩ ጉድለቶች፦ በፍሬሙ መጋጠሚያዎች ወይም የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ ስንጥቅ፣ መጣመም ወይም በቀለም የተሸፈነ ብየዳ ከታየ ብስክሌቱ መገዛት የለበትም፤ በጉዞ ላይ ሊሰበር ይችላል።

ከዋጋ የሚቀነሱ ጉድለቶች፦ ያለቀ ጎማ፣ የላላ ሰንሰለትና ያረጀ የፍሬን ላስቲክ ሊቀየሩ ስለሚችሉ፣ የመለዋወጫው ወጪ ተሰልቶ ከዋጋው ይቀነሳል። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሲሽከረከር ቸርኬው ወደ ጎን የሚወላገድ ከሆነ ማስተካከያ ያስፈልገዋል።

ፍሬን፦ የደሴ–ወልድያ ዋና መንገድ ሐይቅን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ አሽከርካሪው ከከባድ ተሽከርካሪዎች ጋር መንገድ ይጋራል። የፊትና የኋላ ፍሬን ለየብቻ ተይዞ ብስክሌቱ ሲገፋ ጎማው መዞር የለበትም። ፍሬኑ ሳይስተካከል ብስክሌቱን መንዳት አይገባም።

ልክና ማርሽ፦ ገዢው በፍሬሙ ላይ እግሮቹን ከፍቶ ሲቆም ሁለቱም እግሮቹ መሬት ሊረግጡ ይገባል። ለሜዳማ የከተማ መንገድ ማርሽ የሌለው ብስክሌት በቂ ነው፤ ወደ ደሴ አቅጣጫ ላለው ዳገት ግን ባለማርሽ ይመረጣል።

ባለቤትነት፦ የተሰረቀ ንብረት መሆኑን እያወቁ መግዛት በወንጀል ያስጠይቃል። ስለሆነም የሻጩ መታወቂያ ታይቶ፣ የፍሬሙ ቁጥር የተጠቀሰበት የሽያጭ ውል በምስክሮች ፊት ሊፈረም ይገባል።