ብሉቱዝ፣ 10 ሜትር እና እኛ

የሀገራችን የመገናኛ ታሪክ ሲነሳ የሚወራው ስለ ቴሌ ነው። ቴሌ ከፈተ፣ ቴሌ ዘጋ። እኛ ግን ቴሌ የማይዘጋው አንድ መስመር ነበረን፤ ከኪስ ወደ ኪስ የሚሄደው ብሉቱዝ። ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦ እስከ ጉደር፣ «በብሉቱዝ ላክልኝ» ሳይል ያደገ የኛ ትውልድ ልጅ ማግኘት ይከብዳል።

ብሉቱዝን እ.ኤ.አ. በ1994 መሥራት የጀመረው የስዊድኑ ኤሪክሰን ነው። ስሙ የ10ኛው ክፍለ ዘመን የዴንማርክ ንጉሥ የሃራልድ ቅጽል ነው። በተለመደው ስልክ የሚደርሰው 10 ሜትር ገደማ ነው። 10 ሜትር ደግሞ ያስተማምናል፤ የሚልክልህ ሰው አጠገብህ ነዋ!

ይህን መተማመን ቀድሞ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ2004 የታየው «ካቢር» የተባለ የስልክ ቫይረስ ነው። «ትቀበላለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «እሺ» ካሉት ይገባና አጠገቡ ያለ ሌላ ስልክ ፍለጋ ይወጣል። በ2005 ቀነኒሳና ጥሩነሽ ወርቅ ባጠለቁበት የሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ላይ በስታዲየሙ ተመልካቾች ስልክ ሲዛመት ተገኝቷል።

በዚያው ክረምት እኛ አገር ምን ነበር? ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ ነበር፤ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ ኦሮሚያን ካዳረሰ በኋላም ኢንተርኔት በተደጋጋሚ ተቋርጧል። የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ሲገደል ደግሞ በመላው አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚቀረው መንገድ ከእጅ ወደ እጅ ነው። መንገዱ አንድ ሲሆን ደግሞ የመጣውን ሁሉ «እሺ» ማለት ይለመዳል።

መንገዱ ግን ምን ያህል ይታመናል? ይህን ያወቅነው መሣሪያዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በእጃቸው ከፈተሹ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አርሚስ የተባለ ኩባንያ ያጋለጠው «ብሉቦርን» የእኛን «እሺ» እንኳ አይጠይቅም ነበር፤ ብሉቱዙ መከፈቱ ይበቃዋል። በ2019 ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ደግሞ ሁለት መሣሪያዎች ሲገናኙ የሚስማሙበትን የምስጢር ቁልፍ ጥንካሬ ወደ 1 ባይት ማውረድ ይቻል ነበር። ይህ ማለት መሞከር ያለበት 256 ቁልፍ ብቻ ነው! ቀዳዳዎቹ ለአምራቾቹ ተነገሩ፣ ማስተካከያም ወጣ። ባይፈተሹ ኖሮ ቀዳዳው የሚታወቀው ለሌባ ብቻ ነበር።

እኛ አገር የራስን መሣሪያ መጠበቅ መማር ራሱ አስከስሷል። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን 9 ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በሽብር ክሳቸው ላይ የኢንተርኔት ደህንነት ሥልጠና መውሰድ እንደ ጥፋት ተቆጠረ። ሰሞኑ የአምቦ ተማሪዎች ማስተር ፕላኑን ተቃውመው የወጡበትና ሕይወት የጠፋበት ነበር። በኋላ የአምስቱ ክስ በ2007 ተነሳ፤ የቀሩትም በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ፍርሃቱ ግን አብሮ አልተፈታም። ዛሬም ስለ ፍተሻ የሚያወራ ወጣት «ሀከር ነህ እንዴ?» ይባላል።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚከለክለው ያለ ፈቃድ የሰው መሣሪያ ውስጥ መግባትን ነው። የራስ ሰዓት፣ የራስ ጆሮ ማዳመጫ፣ የራስ ስልክ የራስ ነው። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነጻ የሚገኝ አፕ ስልኩ ላይ ጭኖ ሰዓቱ ምን ስም እየጠራ እንደሚውል፣ ያለ ምስጢር ቁጥር ከማን ጋር እንደሚገናኝ ማየት ይችላል። የጓደኛውን ከሆነ ያስፈቅድ። ቀዳዳ ካገኘ ለአምራቹ ይንገር።

እስከዚያው፣ ወዳጆች፣ የስልካችሁን ማሻሻያ ጫኑ፤ የማትጠቀሙበትን ብሉቱዝ አጥፉ፤ ላኪውን ሳታውቁ «እሺ» አትበሉ። ነገ ኔትወርክ ቢጠፋ የሚቀረን ያው 10 ሜትር ነው፤ ደህና ሳለን እንፈትሸው።