አሜሪካውያን የሚመኙት፣ ከመሸጫ ግን የማያገኙት የናፍጣ ፒክአፕ

በወረዳ ከተሞች በግብርና ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ነጭ ዳብል ጋቢና ሃይሉክስ ቆሞ ማየት ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ምርጥ ዘር፣ የባለሙያ ቡድን፣ አንዳንድ ጊዜም የታመመ ሰው ጭኖ ጭቃና ኮረኮንች ሲያቋርጥ የኖረ ተሽከርካሪ ነው። በአሜሪካ ግን ይህንኑ ባለናፍጣ ፒክአፕ አዲስ ኾኖ የሚሸጥ አንድም መደብር የለም። ገንዘቡን በእጁ የያዘ የቴክሳስ ከብት አርቢ እንኳ ሊገዛው አይችልም። ብዙ አሜሪካውያን አርሶ አደሮችና የእጅ ባለሙያዎች ደግሞ ዘወትር የሚመኙት ይህንኑ ዓይነት መኪና ነው። ምኞቱ ከየት መጣ? መንገዱንስ ምን ዘጋው?

ሃይሉክስ በጃፓኑ ቶዮታ ስም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። አሜሪካም ለዓመታት ገዝታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ኩባንያው በዋናነት ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የታሰበ ታኮማ የተሰኘ ሌላ ፒክአፕ ሲያወጣ ሃይሉክስ ከዚያ ገበያ ወጣ። በሌላው ዓለም ግን በታይላንድ፣ በደቡብ አፍሪካና በአርጀንቲና እየተመረተ መሸጡን ቀጠለ። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2022 ለሰባት ተከታታይ ዓመታት ከየትኛውም መኪና በላይ ተሽጧል። አይሱዙ ዲማክስ፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200 እና ኒሳን ናቫራም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የሚያስገርመው የአሜሪካው ፎርድ ራሱ ሬንጀር የተባለውን ፒክአፑን ለአውስትራሊያና ለደቡብ አፍሪካ በናፍጣ ሞተር እየሸጠ፣ ለሀገሩ ሰው ግን በቤንዚን ብቻ ማቅረቡ ነው።

ተፈላጊነቱ የሚጀምረው ከሞተሩ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየር ብቻ ስቦ አጥብቆ በመጭመቅ ያግለዋል፤ ናፍጣው በጋለው አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። የቤንዚን ሞተር የሳበውን ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ሲጨምቅ፣ የቀድሞዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ወደ አንድ ሃያኛ ገደማ ይጨምቁ ነበር። ከዚህ የተነሣ ከነዳጁ የሚገኘው ሥራ ይበልጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱም ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል ይዟል።

ልዩነቱ በሬንና ፈረስን ለሚያውቅ አርሶ አደር ግልጽ ነው። ፈረስ ይሮጣል፤ በሬ ግን ቀስ ብሎ ሞፈሩን ይስባል። የናፍጣ ሞተር ሳይጮኽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ከባድ ነገር ይስባል። በቁጥር ለማየት ያህል፣ ባለ 2.7 ሊትር የቤንዚን ሃይሉክስ የመጠምዘዝ ኃይሉ 245 ኒውተን ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የወጣው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሃይሉክስ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው፣ 500 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። በሞተር መጠን እምብዛም ሳይራራቁ በመሳብ አቅም እጥፍ ይበላለጣሉ ማለት ነው። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ የተነሣ ሰው ይህንን ለማመን ሠንጠረዥ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ምክንያት ቀላልነቱ ነው። 2ኤልና 3ኤል የሚባሉት የቀድሞ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ጉልበታቸው ከ100 ፈረስ በታች ነበር፤ ፈጣንም አልነበሩም። ነገር ግን ናፍጣውን የሚያከፋፍለው ፖምፓ በሜካኒካል መንገድ ይሠራል፤ ሁሉን የሚያዝ ኮምፒውተር የለም። በትንሽ ከተማ ያለ መካኒክ ቁልፍና ልምዱን ይዞ ሊያስነሣው ይችላል። በዚህ ላይ ጠንካራ ሻንሲ፣ ከኋላ ባሌስትራ እና አንድ ቶን፣ በእኛ አነጋገር አሥር ኩንታል ገደማ የመጫን አቅም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ቶፕ ጊር የተሰኘው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ዝግጅት አንድ ያረጀ ባለናፍጣ ሃይሉክስ ባሕር ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ በኋላም በሚፈርስ ሕንፃ አናት ላይ አስቀምጦ ከፍርስራሹ መሐል ሞተሩን እንደገና ማስነሣቱ ዝናውን አናረው። የቴሌቪዥን ትርዒት ግን የመንገድ ማስረጃ አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚኾኑት ለዓመታት በጠጠር መንገድ ያሽከረከሩት ሾፌሮች ናቸው።

በሩን የዘጋው የመጀመሪያው ምክንያት ከዶሮ ሥጋ የተነሣ ነው ቢባል ቀልድ ይመስላል፤ ታሪኩ ግን እውነት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ዶሮ እርባታ በፋብሪካ ደረጃ አድጎ ርካሽ ሥጋ ወደ ምዕራብ ጀርመን በብዛት ይልክ ነበር። የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ የራሱን አርቢዎች ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1962 በዶሮ ላይ ቀረጡን ከፍ አደረገ። ድርድሩ ሳይሳካ ሲቀር ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በታኅሣሥ 1963 አጸፋውን ዐወጁ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1964 ጀምሮ በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪን፣ በብራንዲና በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ የ25 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። የመኪናው ቀረጥ ያነጣጠረው በጀርመኑ ቮልስዋገን ላይ ነበር። በሌሎቹ ላይ የተጣለው ከጊዜ በኋላ ሲነሣ የጭነት መኪናው ግን ቀረ። ቀረጡ ጀርመንን ለመቅጣት ቢታወጅም ከየትኛውም ሀገር የሚመጣን የጭነት መኪና የሚመለከት ስለነበር፣ በኋላ ላይ ብርቱ ዱላ ያረፈበት የጃፓንና የታይላንድ ፒክአፕ ኾነ። የ20 ሺህ ዶላር መኪና በወደቡ ላይ 5 ሺህ ዶላር ይጨመርበታል። በግብርና ንግድ የተነሣ ጠብ ስድሳ ዓመት ተሻግሮ የሌላ አርሶ አደርን ምርጫ ሲወስን ማየት ለግብርና ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ኩባንያዎቹ መውጫ ቀዳዳ ፈልገዋል። ጃፓኖች ጋቢናና ሻንሲውን ብቻ በአነስተኛ ቀረጥ አስገብተው የጭነት ሳጥኑን አሜሪካ ውስጥ ይገጥሙ ነበር፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘጋ። ሱባሩ ደግሞ ብራት በተባለው ፒክአፑ ጭነት ቦታ ላይ ሁለት ወንበር ገጥሞ የሰው መኪና ነው ብሎ አስገባ። ሌሎች እዚያው ፋብሪካ ተከሉ፤ ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1983 በቴነሲ ፒክአፕ ማምረት ጀመረ። በእነዚያ ዓመታት የነዳጅ ዋጋ ንሮ ስለነበር ትንንሽ የናፍጣ ፒክአፖች በአሜሪካ መንገዶች ላይ ታይተዋል፤ ቶዮታ፣ ዳትሰን፣ አይሱዙ፣ ፎርድ ሬንጀርም ጭምር። በ1986 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ግን ገዥው ወደ ቤንዚን ተመለሰ፤ እነርሱም ጠፉ።

ሁለተኛው አጥር ጭሱ ነው፤ ይህኛው እንደ ዶሮው ቀረጥ የሚቀለድበት አይደለም። የናፍጣ ጭስ ጥቀርሻና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይዟል፤ ሁለቱም ሳንባን ይጎዳሉ። አውሮፓ ለናፍጣ መኪና ለብዙ ዘመን ላላ ያለ ገደብ ስታስቀምጥ አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ባስገባችው ሕግ ለቤንዚንም ለናፍጣም አንድ ገደብ አደረገች። ያንን ለማሟላት ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያና በጭስ ማውጫው ውስጥ ዩሪያ የሚረጭ መሣሪያ ያስፈልጋል። አዎን፣ አርሶ አደሩ በማዳበሪያነት የሚያውቀው ዩሪያ ነው፤ ከተጣራ ውኃ ጋር በ32.5 በመቶ መጠን የተዘጋጀ። ይሁንና የማዳበሪያውን ዩሪያ በጥብጦ በመኪናው ታንከር መጨመር መሣሪያውን ያበላሻል፤ የመኪናው እጅግ የጠራ መኾን አለበት። ማጣሪያውም ቢኾን መኪናው አጫጭር መንገድ ብቻ ሲመላለስ ይደፈናል። ስለዚህ በአሜሪካ ሕግ የሚያልፍ የናፍጣ ፒክአፕ ውድ ይኾናል፤ ያ የተመኙት ቀላልነትም አብሮት ይጠፋል።

ምኞትና ግዥም አንድ አይደሉም። ሸቭሮሌ ኮሎራዶ የተባለውን መካከለኛ ፒክአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ሞዴል እስከ 2022 ድረስ በ2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ለአሜሪካውያን ሸጧል፤ ከዚያም አቆመው። በዚያ ሀገር ናፍጣ ላይ የሚጣለው የፌዴራል ግብር በጋሎን 24.4 ሳንቲም ሲኾን በቤንዚን ላይ 18.4 ሳንቲም ነው። በነዳጅ ቁጠባ የተገኘው ትርፍ ከፊሉ በማደያው ይመለሳል ማለት ነው። የነዳጅ ቁጠባ ሕጉም የመኪናውን የመሬት ስፋት መሠረት ስለሚያደርግ ትልቁን ፒክአፕ ከትንሹ ይልቅ ላላ ባለ መለኪያ ይመዝናል። ኩባንያው ትልቁን ቢሠራ ይቀለዋል፤ ትርፉም ይበልጣል።

አጥብቀው የሚፈልጉት ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ይጠብቃሉ። በአሜሪካ ሕግ አንድ የውጭ መኪና ከተመረተ 25 ዓመት ሲሞላው ከፌዴራል የደኅንነት መለኪያዎች ነጻ ይኾናል። ስለዚህ ከጃፓን ያረጀ፣ መሪው በቀኝ የኾነ ባለናፍጣ ሃይሉክስ ገዝተው በመርከብ ያስገባሉ፤ የዶሮው ቀረጥ ግን በዚህም ላይ ይከፈላል። እኛ ዘንድ በዕድሜው ብዛት የሚናቀው ሞዴል እዚያ የሚፈለገው በዕድሜው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ቶዮታ በታይላንድ ሃይሉክስ ቻምፕ የተባለ፣ ጌጥ የሌለው፣ መነሻ ዋጋው 459 ሺህ ባት፣ ወደ 13 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ፒክአፕ ሲያወጣም በጉጉት ከተመለከቱት መካከል አሜሪካውያን ነበሩ። 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር አማራጭም አለው። በአሜሪካ ግን አይሸጥም።

በአሜሪካ ዘመድ ላላቸው አንባቢዎቻችን አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። "ቶዮታ ፒክአፕ ልላክልህ" የሚል ወንድም ወይም እኅት ከዚያ ሊያገኝ የሚችለው ታኮማን ነው። ታኮማ በመልኩ ሃይሉክስን ቢመስልም ሻንሲው የተለየ ነው፤ ሞተሩም ናፍጣ አይደለም። ለሃይሉክስ ተብሎ በየከተማው የተከማቸው መለዋወጫ ብዙው ለእርሱ አይኾንም፤ ለአንድ ዕቃ ወራት መጠበቅም ሊመጣ ይችላል። በተጨማሪም ሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚጣለው የኤክሳይዝ ታክስም ከባድ ነው። ገንዘብ ከመላኩ በፊት የታሰበው ፒክአፕ በየትኛው የቀረጥ መደብ እንደሚያርፍ ከጉምሩክ ኮሚሽን ቅርንጫፍ በጽሑፍ ማረጋገጥ፣ የሞተሩን ቁጥርም ለሚታመን መካኒክ ማሳየት ያስፈልጋል።