ክራር፥ ጊታርና ቤዝ፤ የሙዚቃ መሣሪያ ምርጫ ታሪክ ከአዲስ አበባ እስከ ሞርሲቶ

መግቢያ

በሀዲያ ዞን በሚሻ ወረዳ በምትገኘው በሞርሲቶ፥ እንደዚሁም በሆሳዕናና በከምባታ ከተሞች፥ አንድ የመዘምራን ጓድ ወይም የወጣቶች የሙዚቃ ቡድን ገንዘብ አዋጥቶ መሣሪያ ለመግዛት ሲነሣ አስቀድሞ የሚከራከርበት ነገር አለ። ቦክስ ጊታር ይገዛ ወይስ ቤዝ ጊታር? ድምፅን የሚለዋውጡት ኢፌክት የሚባሉት ዕቃዎችስ ያስፈልጋሉን? ወይስ ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ኪቦርድ ላይ ይዋል? ጥያቄው ለላይኛው ተመልካች የገበያ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን ይህንኑ ምርጫ ከዚህ በፊት የመረጡ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ የምርጫቸውም ውጤት በሸክላና በካሴት ተቀርጾ ስለ ተገኘ፥ ጉዳዩ የታሪክም ጥያቄ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምናስበው፥ የመሣሪያ ምርጫ በየዘመኑ የተወሰነው በተጫዋቹ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ኃይል፥ በገንዘብና በመንግሥት ሁኔታ ጭምር መሆኑን ነው። ከዚህም ጋር፥ ችግር በመጣ ቍጥር አስቀድሞ የሚቀረው ዝቅተኛውን ድምፅ የሚይዘው ቤዝ መሆኑን እናሳያለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ከጊታር በፊት የነበሩት አውታሮች

ስለ ጊታር ከመናገራችን በፊት ክራርንና በገናን ማንሣት ተገቢ ነው። ክራር 5 ወይም 6 አውታር ያለው ሲሆን ተጫዋቹ በሚጫወተው ቅኝት መሠረት አውታሮቹን በጆሮው እየሰማ ይቃኛል። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቃኛኘት አላቸው፤ ስለዚህ ባለ ክራሩ ቅኝቱን ሲለውጥ መሣሪያውንም እንደ ገና ያዘጋጃል ማለት ነው። ጊታር ግን በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ የብረት መስመሮች ስለ ተተከሉበት የድምፆቹ ርቀት አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍሎች ተከፋፍሎ ለገዢው ይሰጠዋል።

በገና ደግሞ 10 አውታሮች ያሉት ትልቅና ዝቅተኛ ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው። በአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዝራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ስለሚንቀጠቀጥ ያ የታወቀው የሚነዝር ድምፅ ይወጣል። እንዝራው በትክክል ካልተቀመጠ በገናው የበገና ድምፅ አይሰጥም፤ ለዚህም ነው ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶ የሚያስተካክለው።

እነዚህን ሁለቱን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝቅተኛ ድምፅን መውደድም ሆነ የአውታርን ድምፅ በልዩ ዘዴ መለወጥ ከውጭ አገር ዕቃ ጋር የመጣ አዲስ ነገር አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

2. ጊታርና ቤዝ በአዲስ አበባ

ዘመናዊው የሙዚቃ ቡድን በአገራችን የተጀመረው በጊታር ሳይሆን በነፋስ መሣሪያ ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነፋስ መሣሪያ ባንድ አቋቋሙ። ከዚያም በኋላ የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች፥ በ1955 የተከፈተውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ለረጅም ጊዜ መለከትንና ሳክስፎንን ዋና መሣሪያ አድርገው ኖሩ። እንዲህ ያለው ትልቅ ባንድ ደመወዝ የሚከፍል፥ መሣሪያ የሚገዛና የመለማመጃ አዳራሽ የሚሰጥ ባለቤት ያስፈልገው ነበር። ባለቤቱም መንግሥት ነበር።

በዚህ መካከል በአሜሪካ ሊዮ ፌንደር የተባለው ሠሪ በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት ዝቅተኛውን ድምፅ የሚሰጠው ኮንትራባስ ሰው የሚያህል፥ ለመንገድ የማይመች፥ በትልቅ ባንድ መካከልም ድምፁ የሚዋጥ ነበር። አዲሱ ቤዝ 4 አውታሮች ያሉት፥ በትከሻ የሚንጠለጠል፥ በድምፅ ማጉያም የሚጎላ ሆነ። ፕሪሲዥን የተባለበትም ምክንያት ፍሬት ስላለው ተጫዋቹ ትክክለኛውን ድምፅ በቀላሉ ስለሚያገኝ ነው። ወፍራሙ አውታር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የተራ ጊታር ወፍራም አውታር ግን 82 ጊዜ ያህል። እንግዲህ ቤዝ ከጊታር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ትንንሽ ባንዶች ሲነሡ ይህ መሣሪያ ዋና ደጋፊያቸው ሆነ። ጊታር፥ ቤዝ፥ ኦርጋንና ድራም ከጥቂት የነፋስ መሣሪያዎች ጋር ከተገኙ፥ የመንግሥት ደመወዝ ሳይጠበቅ ሙሉ ባንድ ማቆም ተቻለ። በ1969 አምሃ እሸቴ የመሠረተው አምሃ ሬከርድስ የእነዚህን ባንዶች ሥራ በሸክላ ማሳተም ጀመረ። ማህሙድ አህመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የቀረጸው «ኧረ መላ መላ» ለጉዳያችን መልካም ምስክር ነው። ቤዙ አጭር ሐረግ እየደጋገመ መሬቱን ሲይዝ፥ ዘፋኙና የነፋስ መሣሪያዎቹ በላዩ በነፃነት ይመላለሳሉ። በ1977 የወጣው የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ደግሞ የመላከ ገብሬን ቤዝና የማህሙድ አማንን ጊታር ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጋር ያሰማናል።

«ጊታር ቅኝታችንን አጠፋ» የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ከንቱ አይደለም፤ በጆሮ የሚቃኘው ክራር ያለው ጥቃቅን የድምፅ ልዩነት በፍሬት ላይ በሙሉ አይገኝም። ሆኖም ሸክላዎቹን ያደመጠ ሰው ጊታረኞቹ አውታሩን በጣታቸው እየገፉና እያንሸራተቱ ወደ ዘፋኙ ጕሮሮ ለመቅረብ እንደ ሞከሩ ይሰማል። ቤዙም በአምስቱ የቅኝት ድምፆች ላይ እየተመላለሰ፥ ቅኝቱን ከማፍረስ ይልቅ አጽንቶ ያዘው።

3. ስለ ኢፌክት ዕቃዎች

ኢፌክት የምንላቸው በጊታሩና በድምፅ ማጉያው መካከል እየገቡ ድምፁን የሚለውጡ፥ ብዙዎቹ በእግር የሚረገጡ ትንንሽ ሣጥኖች ናቸው። ድምፅን የሚያሻክረው ፈዝ የተባለው በ1962፥ ድምፁን እንደ ሰው አፍ የሚከፍትና የሚዘጋው ዋ-ዋ ፔዳል ደግሞ በ1967 ለገበያ ወጡ። ወደ እኛ ለመድረስ ብዙ ዓመት አልፈጀባቸውም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1974 ባሳተመው «ኢትዮ ጃዝ» በተባለው ሸክላ ላይ ሁለቱም ድምፆች በጉልህ ይሰማሉ።

እነዚህ ድምፆች በአዲስ አበባ አድማጭ ዘንድ እንግዳ ሆነው ያልተጣሉበትን ምክንያት ስንመረምር በገና ትዝ ይለናል። በእንዝራ የሚነዝር አውታር ሲሰማ የኖረ ጆሮ፥ በፈዝ የሚነዝር ጊታር ቢሰማ ብዙ አይደነግጥም። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ ነገር ግን የኋለኛው ታሪክ የሚደግፈው ይመስለናል። በለንደን በተመስገን ዘለቀ መሪነት የተቋቋመው ክራር ኮሌክቲቭ በ2012 ባወጣው አልበም ክራሩን ራሱን በኤሌክትሪክ አጉልቶ አሰምቷል። በባህል ቡድኖችም ቤዝ ክራር የሚባል ዝቅተኛ ድምፅ ያለው ትልቅ ክራር ሥራ ላይ ውሏል። እንግዲህ መንገዱ የአንድ ወገን አልሆነም፤ ጊታር ወደ ቅኝቱ ሲቀርብ ክራርም ወደ ማጉያው ቀርቧል።

4. ቤዝ የቀረበት ዘመን

ከ1974 አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽቱ ክበብ ሥራም ተዳከመ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ብዙ ሙዚቀኞች ተሰደዱ፤ ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ ከአባሎቹ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። ከእነርሱም አንዱ የሆነው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አድርጎ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ሥራው እጅግ የተደነቀ ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ሌላም ነገር ያመለክታል። በባንድ የሚሠራው ሥራ በአንድ ሰው እጅ ሊጠቃለል መቻሉን ያሳያል።

በአገር ውስጥም በ1990ዎቹ ኪቦርድ የመለከቱን፥ የድራሙንና የቤዙን ቦታ በአንድነት ያዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለአምስት ሰው የሚከፈለውን ለአንድ ሰው ከፍሎ ሠርግ ማድመቅ ተቻለ። የጠፋው ነገር ግን ቀላል አልነበረም። ቤዝ ተጫዋች ዘፋኙን እያዳመጠ ይዘገያል፥ ይፈጥናል፥ ይመልሳል። አስቀድሞ በማሽን የተሞላ ቤዝ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

5. ጉዳዩ በሞርሲቶ

በሀዲያና በከምባታ የወንጌል ሚሲዮን ሥራ የተጀመረው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በ2007 የሕዝብ ቈጠራም በሀዲያ ዞን አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ሆኖ ተቈጥሯል። ስለዚህ በሞርሲቶ ስለ ጊታርና ቤዝ ሲነገር የምሽት ክበብን ሳይሆን በይበልጥ የመዘምራንን ጓድ ማሰብ ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን በደቡብ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ በስውር ይሰበሰቡ ነበር። ለእንዲህ ያለ ጉባኤ የሚመቸው ጎረቤት የማይሰማው፥ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ መሣሪያ እንደ ሆነ ማንም ይረዳል። ከ1991 በኋላ አዳራሾች ሲከፈቱና ሲሰፉ ግን ድምፅ ማጉያ ግዴታ ሆነ።

ከላይ ያየነውን ታሪክ መሠረት አድርገን ለገዢዎች የሚከተለውን ቅደም ተከተል እናቀርባለን።

መጀመሪያ ቦክስ ጊታር። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ ለማስተማርም ይመቻል። ሽፋኑ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ጊታር ድምፁ ከሙሉ እንጨቱ ቢያንስም፥ ክረምትና በጋ በሚፈራረቁበት ደጋ አገር መሰንጠቅን ይበልጥ ይችላል። የናይሎን አውታር ለጀማሪ ጣት ይለዝባል፤ የብረት አውታር ግን በብዙ ዘማሪ መካከል የተሻለ ይሰማል። ለናይሎን በተሠራ ጊታር ላይ ብረት መወጠር አንገቱን ያጎብጣል፥ ድልድዩንም ይነቅላል።

ሁለተኛ ቤዝ ጊታር ከራሱ ማጉያ ጋር። ቤዙን ገዝቶ ማጉያውን መተው ገንዘብ ማባከን ነው። በትንሽ የጊታር ማጉያ ላይ ቤዝ ቢሰካ ድምፅ ማውጫው ቶሎ ይቀደዳል። ገዢው አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከት፤ እያንዳንዱን ፍሬት እየተጫነ ይሞክር፤ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚታነቅ ድምፅ ካለ ይተወው።

ኢፌክት በመጨረሻ ይምጣ። ብዙዎቹ ፔዳሎች በ9 ቮልት ባትሪ ስለሚሠሩ ርካሽ መስለው ይታያሉ፤ ነገር ግን ማጉያው ከሌለ ጥቅም የላቸውም። ጥሩ ያልተቃኘ ጊታርም በፔዳል አይድንም።

ይህ ቅደም ተከተል ዛሬ ይበልጥ የሚያስፈልገው የዕቃ ዋጋ ስለ ተለወጠ ነው። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጊታርም ሆነ አውታሩ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፥ በአንድ ጊዜ የተሳሳተ ግዥ የብዙ ሰው መዋጮ ይጠፋል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፥ ትልቁ ባንድ በመንግሥት ደመወዝ፥ ትንሹ ባንድ በቤዝና በማጉያ፥ የኪቦርዱ ዘመን ደግሞ በሰዓት እላፊና በገንዘብ ማጠር ተፈጥረዋል። በኪቦርዱ ዘመን የጠፋው ባለ ቤዙ የተረፈ ሰው ተደርጎ ስለ ተቈጠረ ነው። በሞርሲቶ ያሉት መዘምራን ይህን ምርጫ ገና አልጨረሱትም። በጋራ በሚዜም ዜማ ዘንድ ከሥር ሆኖ ሕዝቡን የሚሸከም፥ ሕዝቡንም የሚያዳምጥ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን ሲሠራ፥ የሚገዛው ዕቃ ስንት ድምፅ እንዳለው ብቻ ሳይሆን ስንት ወጣት እንደሚያስተምርም እንዲቈጥር እንመክራለን።