ረጅሙ ዓርብ

ቤት ውላ ሕፃናት የምታሳድገውን ሴት «ሥራ የላትም» ሲሏት እሰማለሁ። እናንተ ወጣቶች ይህን አነጋገር ከመልመዳችሁ በፊት የአይስላንድን ታሪክ ላውጋችሁ።

በዚያች የሰሜን ደሴት ጥቅምት 13 ቀን 1968 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1975) ከመቶ 90 ያህሉ ሴቶች ሥራ አቆሙ። የተዉትም ደመወዝ የሚያስገኘውን ብቻ አይደለም፤ ምግብ ማብሰሉንና ልጅ መጠበቁንም ጭምር ነው። የአገሩ ሕዝብ 220 ሺሕ ያህል ሲሆን በዋናው ከተማ በሬይክያቪክ 25 ሺሕ ያህል ሴቶች ወጥተው ተሰበሰቡ።

ልጆቹስ ከማን ጋራ ዋሉ? ከአባቶቻቸው ጋራ ነዋ! ብዙዎቹ አባቶች ሕፃናቱን ይዘው ወደ መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ ማባበያ እንዲሆንም ከረሜላና እርሳስ ገዙ። በሬዲዮ ዜና ሲነበብ የልጆች ጨዋታ ከበስተኋላ ይሰማ ነበር። በቶሎ የሚበስል ነውና ቋሊማ ከየሱቁ አለቀ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀኝ ይህ ቋሊማ ነው፤ እናት በየቀኑ «ዛሬ ምን ላብላቸው?» እያለች የምትጨነቅበትን ነገር አባቶቹ አንድ ቀን ቢያስቡት የሁሉም መልስ አንድ ሆኖ ተገኘ።

እነዚያ አባቶች ያን ዕለት «ረጅሙ ዓርብ» ብለው ጠሩት፤ ይህም በቋንቋቸው የስቅለት ዓርብ ስም ነው።