ክፍተትና አካፋይ፤ ስለ አንድ የፎቶግራፍ ቃል አመጣጥ

ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ የተጻፈ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው፣ ስለ ጉርድ ፎቶግራፍ አነሣሥ ከሚናገረው ምዕራፍ ሲደርስ አንድ እንቅፋት ያጋጥመዋል። መጽሐፉ የሌንሱ ክፍተት ይስፋ ይልና ቁጥሩ ከ8 ወደ 4 እንዲወርድ ያዝዛል። ተርጓሚው ስሕተት መስሎት ቢያቃናው፣ አንባቢው ፊቱን አጥርቶ ከበስተኋላ ያለውን ግድግዳ በማደብዘዝ ፈንታ ሁለቱንም አጕልቶ ያወጣል። የችግሩ ምንጭ በቃሉ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1839 የዳጌር ፎቶግራፍ ለዓለም ሲገለጥ፣ የሌንሱ ክፍተት ጠባብ ስለ ነበረ አንድ ምስል ለማንሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ያን ያህል ሳይነቃነቅ መቀመጥ ለሰው ይከብዳል። በ1840 የሒሳብ ሊቁ ዮሴፍ ፔትስቫል በቪየና ለጉርድ ፎቶግራፍ የሚስማማ ሌንስ ቀመረ፤ የፎክትሌንደር ድርጅትም ሠራው። የክፍተቱ ስፋት የትኩረት ርቀቱ ለ3.6 ሲካፈል የሚገኘው ያህል በመሆኑ፣ ከዳጌር ሌንስ ከዐሥር እጥፍ የበለጠ ብርሃን ያስገባ ነበር።

ክፍተቱን እንደ ፈቃድ መለዋወጥ ሲለመድ ግን እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ ቁጥር መሰየም ጀመረ። ይህን ለማስተካከል በ1881 የታላቋ ብሪታንያ የፎቶግራፍ ማኅበር አንድ ወጥ ሥርዐት አወጣ። በዚህ ሥርዐት ቁጥሩ በእጥፍ ሲያድግ ብርሃን የሚገባበት ጊዜም በእጥፍ ይረዝማል። የማኅበሩ 1 በዛሬው 4፣ 4 በዛሬው 8፣ 8 በዛሬው 11 ነው፤ በ16 ላይ ብቻ ሁለቱ ይገጥማሉ። ሥርዐቱ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኮዳክ ካሜራዎች ላይ ሳይቀር ይታይ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን መመሪያ «8» ቢልና ተርጓሚው የዛሬውን 8 ቢያስብ፣ ፊልሙ ከሚገባው እጥፍ ብርሃን ያገኛል።

ጸንቶ የቀረው ሥርዐት የተመሠረተው በማካፈል ነው። የትኩረት ርቀቱ 100 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ በ4 ሲካፈል 25፣ በ8 ሲካፈል 12.5 ሚሊሜትር ክፍተት ይሰጣል፤ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚገባው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። እንግዲህ ቁጥሩ የሚያመለክተው አካፋዩን እንጂ ቀዳዳውን አይደለም። አካፋይ ሲያድግ ድርሻ እንደሚያንስ በትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቃል።

ከዚህ የተነሣ «የክፍተት ቁጥር» ከማለት «የክፍተት አካፋይ» ማለት ይሻላል፤ «ኤፍ» የሚለው ፊደል በምልክትነቱ ሊቀጥል ይችላል። «ከፍተኛ ክፍተት»፣ «ዝቅተኛ ክፍተት» የሚሉት አነጋገሮች ግን ቢቀሩ ይመረጣል፤ ቁጥሩን ይሁን ቀዳዳውን መለየት አይቻልምና። ክፍተት ሰፊና ጠባብ ይባል፤ አካፋይ ትልቅና ትንሽ ይባል። ያን ጊዜ «ለጉርድ ፎቶግራፍ ሰፊ ክፍተት፣ ትንሽ አካፋይ» የሚለው መመሪያ ማንንም አያደናግርም።