ግማሹን አምነው ግማሹን የካዱት፦ የ100 ሚሊ ሊትሩ ሕግና ሦስቱ ችሎቶች

ለዘመድ የያዘውን ማር ወይም ቅቤ አውሮፕላን ጣቢያ ፍተሻ ላይ ተቀምቶ የተሳፈረ መንገደኛ ብዙ ነው። በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይያዝም የሚለው ደንብ የመጣው በኦገስት 2006 እንግሊዝ ውስጥ ከከሸፈ አንድ ሴራ በኋላ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ደንቡን ዓለም ያውቀዋል። ከጀርባው ያለውን ክርክር ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ተከሳሽ የወንጀሉን ግማሽ ሲያምን ቀሪው ግማሽ በምን ይረጋገጣል?

ፖሊስ በምሥራቅ ለንደን፣ ዋልተምስቶው ሠፈር ባለ አንድ ቤት ውስጥ ስውር ካሜራና መቅረጫ ተክሎ፣ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈንጂ ለመደበቅ የሚሠሩ ወጣቶችን ይከታተል ነበር። ከሴራው ጀርባ አለ የተባለው ራሺድ ራውፍ ፓኪስታን ውስጥ ሲያዝ ግን መጠበቅ አልተቻለም። ለንደን ያሉት ወሬውን ሰምተው እንዳይበተኑ ወይም እንዳይቸኩሉ ተፈርቶ በችኮላ ተያዙ።

ሕይወት ተረፈ፤ ማስረጃው ግን ሳይሞላ ቀረ። ያለቀለት ቦምብ አልተገኘም። የተቆረጠ የአውሮፕላን ትኬትም አልነበረም። የተገኘው ለፈንጂ የሚሆን ኬሚካል፣ የ«ሰማዕትነት» መሰናበቻ ቪዲዮዎች፣ እንዲሁም ከሂትሮው ወደ አሜሪካና ካናዳ የሚሄዱ ሰባት በረራዎች የተመዘገቡበት ፍላሽ ነበር።

በእንግሊዝ ሕግ ይህ ክስ ከመመሥረት አያግድም። በ1977 በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ወንጀል ለመፈጸም መስማማቱ ራሱ፣ ማለትም ማደሙ፣ ወንጀል ነው። ነገር ግን ምን ላይ እንደተስማሙ መረጋገጥ አለበት። ፍንዳታ ለማድረስ ማደም አንድ ክስ ነው። ለመግደል ማደም ሌላ ነው፤ የመግደል ሐሳብ መኖሩን ማስረዳት ይጠይቃል። አውሮፕላን በአየር ላይ አፈንድቶ ለመግደል ማደም ደግሞ ሦስተኛ ክስ ሆኖ ቀረበ።

ተከሳሾቹ የገቡት በዚሁ ክፍተት ነው። በ2008 ችሎቱ እየተካሄደ ሳለ አብዱላ አሕመድ አሊ፣ አሳድ ሳርዋርና ታንቪር ሁሴን ፍንዳታ ለማድረስ ማደማቸውን አመኑ። ሰው ለመግደል ግን አላሰብንም አሉ። መከላከያቸው የፖለቲካ ተቃውሞ ነው፣ ትንሽ ፈንጂ አፈንድተን የሕዝቡን ዓይን ለመሳብ ነበር የሚል ነው። እምነት ክህደት ላይ «አዎ» ማለት እዚህ ጸጸት አልነበረም፤ ጥያቄው ወደ ትልቁ ክስ እንዳይሻገር የታጠረ አጥር ነበር።

የጁሪ አባላት፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ አጥሩን በከፊል አፈረሱት። ሦስቱን ለመግደል በማደም ጥፋተኛ አሏቸው። የአውሮፕላኑን ጉዳይ ግን መወሰን አልቻሉም። ዓለምን ሁሉ ጠርሙስ ያስጣለው ክስ በፍርድ ቤት አልተረጋገጠም ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ የሴራው ዋና ሰው ያለው ሌላ ተከሳሽም በነጻ ተሰናበተ።

ዐቃቤ ሕግ ክሱን እንደገና አቀረበ። በ2009 በተካሄደው ሁለተኛ ችሎት አዲስ ማስረጃ ይዞ መጣ፦ ከፓኪስታን ጋር የተጻጻፏቸው፣ ላይ ላዩን የሽቶና የንግድ ወሬ የሚመስሉ ኢሜይሎች። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚባለው እዚህ ሠራ። ሦስቱ በአውሮፕላኑ ክስም ጥፋተኛ ተባሉ፤ አሊ ቢያንስ 40፣ ሳርዋር 36፣ ሁሴን 32 ዓመት እንዲታሰሩ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ከሌሎቹ ተከሳሾች ሦስቱ ከአውሮፕላኑ ክስ ነጻ ወጡ፤ ለመግደል በማደም የተፈረደባቸው በ2010 በተካሄደው ሦስተኛ ችሎት ነው።

ይህን ያየ፣ ለአሸባሪ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ይላል። ፈንጂ መሥራታቸውን በአንደበታቸው ያመኑ ሰዎች አይደሉምን? ልፋቱ ግን ለእነሱ ሲባል ብቻ የተደረገ አይደለም። ማደም በእጅ የማይዳሰስ ወንጀል ነው፤ የሚገኘው በሰዎች ስምምነት ውስጥ ነው። በአንድ ቤት የተቀመጠ ሁሉ አንድ ዓይነት ሐሳብ አለው ከተባለ ወዳጅም፣ ዘመድም፣ ጎረቤትም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፍርዱ ሰውን ከሰው፣ ክስን ከክስ መለየት ነበረበት፤ ለየም። የሦስቱ ማመን የሌሎቹ ማመን ሆኖ አልተቆጠረም።

ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ሦስት ችሎትና አራት ዓመት ነው። በምትኩ የተገኘው ግን ዛሬም የሚቆም ፍርድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ በቁጣና በፍርሃት ተቸኩሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሴራው በእርግጥ ነበረ ወይስ መንግሥት ፈጠረው የሚለው ጥርጣሬ እስከ ዛሬ መልስ ባላገኘ ነበር።