ኩላሊትን የሸሸው ቅንጣት

በአዲስ አበባ፣ በሃያ ሁለት አካባቢ፣ በጅቡቲ መንገድ የሚገኘው ቅዱስ ገብርኤል ሆስፒታል በኢትዮጵያ የኩላሊት እጥበት ታሪክ ውስጥ ከቀደምቶቹ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2010 እዚያ ሲታጠቡ ከነበሩ ሕሙማን የ91ዱ መዝገብ ተጠንቶ ታትሟል። ሲያነቡት ይከብዳል። ብዙዎቹ አንድ ዓመት እንኳ አልቆዩም፤ ከገደሏቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነበር፤ መክፈል ስላቃታቸው የሞቱም አሉ።

እነዚያ ግን ኩላሊታቸው ለዘለቄታው የደከመባቸው ናቸው። እዚህ የምንከተለው ድንገተኛውን የኩላሊት ጉዳት ነው። ትናንት ደህና የነበረ ኩላሊት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሥራውን ያቆማል፤ ሰውየው እስኪያገግም በሕይወት ከቆየ ግን ብዙ ጊዜ መልሶ ይነሣል። ስለዚህ ጥቂት ሳምንታት የሚያሻግረው ካገኘ ዕድሜውን ሙሉ ከማሽን ጋር ላይታሰር ይችላል።

ይህን ሕመም ለዓለም ያሳወቀው ጦርነት ነው። የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሲደበድቡ፣ ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት የወጡ ሰዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽንታቸው እየተቋረጠ ይሞቱ ነበር። ባይዎተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1941 ጉዳዩን መዝግበው አሳተሙ፤ ከተጨፈለቀ ጡንቻ የሚወጣው ፕሮቲን የኩላሊትን ጥቃቅን ቱቦዎች እንደሚጎዳም ታወቀ። በናዚ በተያዘችው ኔዘርላንድስ ደግሞ ቪለም ኮልፍ የቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፌን በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ጠምጥሞ ደም ማጠቢያ ሠራ። በመጀመሪያ ያጠባቸው ሕሙማን ሁሉም ማለት ይቻላል ሞቱበት። በመስከረም 1945 (እ.ኤ.አ.) ግን አንዲት የ67 ዓመት ሴት ራሷን ከሳተችበት ነቃች። ከናዚዎች ጋር ተባብራለች ተብላ የታሰረች ሴት ነበረች፤ ኮልፍ ናዚን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር፤ ግን አጠባት።

ወደ እኛ እንመለስ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለድንገተኛው ጉዳት የእጥበት አገልግሎት የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ የንቅለ ተከላ ማዕከሉ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተከፈተ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም የእጥበት አገልግሎት ይሰጣል። በጳውሎስ መጀመሪያ ከታከሙት ሰዎች መዝገብ የወጣው ዝርዝር ግልጽ ነው፤ የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ፣ የኩላሊት ማጣሪያ መቆጣት፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር የተያያዘ ችግር። በ2012 ዓ.ም. ቦሌ የሚገኘው ሚሌኒየም አዳራሽ የኮቪድ ማዕከል ሲሆን፣ ኮቪድም ሳንባን ብቻ ሳይሆን ኩላሊትንም እንደሚመታ በዓለም ዙሪያ የታየበት ጊዜ ነበር።

በርእሱ ያልነው ቅንጣት፣ ናኖ የሚባለው ነገር፣ ብዙ ሰው ክንድ ውስጥ የገባውም በዚያው ወረርሽኝ ሰበብ ነው። የፋይዘር ክትባት የዘረመል መልእክቱን የሚሸከመው በስብ ናኖ ቅንጣት ነውና። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ኩላሊት ያለ ችግር አጣርቶ ወደ ሽንት የሚያሳልፈው ስፋቱ ከ6 ናኖሜትር ገደማ የማይበልጠውን ነው። ከዚያ የሚበልጠው ደም ውስጥ ይቀርና ብዙውን ጊዜ ጉበትና ጣፊያ ይይዙታል።

ለኢትዮጵያ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ለማየትም ከቦሌ ወጥቶ ወደ መተማና ወደ አብደራፊ መውረድ ያስፈልጋል። በሰሊጥ እርሻ የሚውሉ ቀን ሠራተኞችን የሚያጠቃው ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ አምፎቴሪሲን ቢ ነው። በድሮው አሠራሩ የበሽታውን ጥገኛ ተሕዋስ ይገድላል፤ ግን የኩላሊትን የደም ሥር ያጠብባል፣ የቱቦዎቹንም ሕዋሳት ይበሳል። ሕመምተኛው ከካላዛር ሲድን ኩላሊቱ ይጎዳል። አምቢዞም የተባለው አዲሱ አሠራር ያንኑ መድኃኒት ከ100 ናኖሜትር በሚያንስ የስብ ከረጢት ውስጥ ከቶ ይሰጣል። ከረጢቱ በኩላሊት ማጣሪያ አያልፍም። በጣፊያና በጉበት ያሉ ሕዋሳት ይውጡታል፤ የካላዛር ጥገኛ የሚደበቀውም በእነዚያው ሕዋሳት ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ጠላቱ ያለበት ቤት ይገባል፣ ኩላሊትም ከአብዛኛው ጉዳት ይተርፋል።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለት አይደለም። አምቢዞም ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት መቀመጥ አለበት፤ የመተማን ፀሐይ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዋጋውም ከባድ በመሆኑ አምራቹ ጊልያድ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የሚሰጠው ልገሳ ባይኖር ለቀን ሠራተኛው የሚደርስ አይሆንም ነበር። ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው በያዟቸው ሰዎች ላይ ብቻውን ደካማ ነው። በጎንደርና በአብደራፊ በተደረገ ሙከራ ሚልቴፎሲን ከተባለ እንክብል ጋር ሲጣመር የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ጥምረት መከረ። የአማራ ክልል ሕሙማንና ሐኪሞች ለዓለም ያበረከቱት ነገር ነው፤ ብዙም ሲወራለት አልሰማሁም።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው። አምቢዞም የተሳካለት ኩላሊትን ስለሸሸ ነው፤ ድንገተኛ ጉዳትን የሚያክም ቅንጣት ግን ኩላሊት ውስጥ መግባት አለበት። ጉበትና ጣፊያ ለካላዛር መድኃኒት መንገድ የሆኑትን ያህል ለዚህኛው ኬላ ይሆኑበታል። ተመራማሪዎች የተለያየ ዘዴ ሞክረዋል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ሥራ ዲኤንኤን እንደ ወረቀት አጣጥፎ ናኖ ቅርጽ በመሥራት፣ ጡንቻቸው በመርፌ የተጎዳባቸውን አይጦች ኩላሊት ረድቷል። ለንደን ላይ የታየው የጡንቻ ፕሮቲን ጉዳት ማለት ነው፣ በአይጥ ላይ። ሌሎች ደግሞ 400 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ ቅንጣቶች ማጣሪያው ከሚያሳልፈው እጅግ ቢበልጡም የኩላሊት ቱቦዎች ዘንድ እንደሚከማቹ አይተዋል። የሴሪየም ኦክሳይድና የሞሊብዲነም ቅንጣቶችም ሕዋስ የሚያቃጥሉትን የኦክስጅን ውላጆች እንዲያመክኑ ተሞክረዋል። ለሰው ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት መታከሚያ ሆኖ የጸደቀ ናኖ ቅንጣት ግን የለም። አይጥ የሚጎዳበት ሰዓት ስለሚታወቅ መድኃኒቱ ቀድሞ ወይም ወዲያው ይሰጠዋል። ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ግን ካበጠ በኋላ ነው።

ለዚህ ነው እኔ ከሕክምናው ይልቅ በምርመራው ተስፋ የማደርገው። በየፋርማሲው የሚሸጠው የእርግዝና መመርመሪያ ላይ ብቅ የሚለው ቀይ መስመር የወርቅ ናኖ ቅንጣት ነው። ክሬያቲኒን የተባለው የደም ምርመራ ከፍ የሚለው ጉዳቱ ከደረሰ አንድ ወይም ሁለት ቀን ካለፈው በኋላ ሲሆን፣ ኤንጋል የተባለው ፕሮቲን በሽንት ውስጥ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል። ቂሊንጦ አካባቢ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። በአይጥ ሕክምና ከሚሽቀዳደም ይልቅ በየጤና ጣቢያው የሚገባ ርካሽ የሽንት መመርመሪያ ቢሠራ ለወላዷና ተቅማጥ ላደከመው ሕፃን ቶሎ ይደርሳል።

የዓለም የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር በ2025 (እ.ኤ.አ.) መከላከል በሚቻል ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የሚሞት ሰው እንዳይኖር ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ዓመቱ አልፏል፣ ሞቱ አልቆመም። እስኪቆም ድረስ አንባቢ ሆይ፣ ከትውከት፣ ከተቅማጥ ወይም ከወሊድ በኋላ ሽንትዎ ከቀነሰ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱና ክሬያቲኒን ይመርመሩ፤ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ።